አንድ ቀን በአዲስ አበባ ገበታ

አዲስ አበባ ትልቅ ከተማ ናት። የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። ስሟን ያወጡላት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ይኖርባታል። ይህ ሁሉ ሕዝብ በየቀኑ ይበላል። ከተማ ግን አያርስም፤ አያጭድም። ታዲያ ይህ ሁሉ ምግብ ከየት ይመጣል? በማን እጅ ያልፋል? ዋጋውንስ የሚቆርጠው ማን ነው? በአንድ ቀን ውስጥ ያየነውን፣ ያሸተትነውንና የቀመስነውን ከዚህ በታች እንተርካለን።

ተጓዦቹ

የተነሣነው ከምንጃር ነው። ምንጃር በሰሜን ሸዋ ይገኛል። የወረዳው ከተማ አረርቲ ይባላል። ምድሩ ጤፍና ሽምብራ ያበቅላል። እኛ 4 ወዳጆች ነን። ጎረቤታሞችም ነን። በደስታም በኀዘንም አንለያይም።

አንደኛዋ እትዬ ናቸው። ሁለተኛው ባለቤታቸው ጋሼ ናቸው። ሦስተኛው ሐጂ ናቸው። ሐጂ ሽምብራ ከገበሬ እየገዙ በመኪና ጭነው አዲስ አበባ ይሸጣሉ። አራተኛው ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ።

እትዬ ምግብ ወዳድ ሰው ናቸው። ምግብ ወዳድ ስንል ብዙ ይበላሉ ማለታችን አይደለም። የምግብን ነገር ጠንቅቀው ያውቃሉ ማለታችን ነው። ሰው ቤት ሲገቡ ገና ከደጅ ሆነው «ሽንኩርቱ ጥቂት ይቀረዋል» ይላሉ። ድስቱ ሲከፈት እንዳሉት ሆኖ ይገኛል።

ጉዞው ግን ለመብላት ብቻ አልነበረም። በመንደራችን እትዬን ጨምሮ 8 ሴቶች ሽሮና በርበሬ በጋራ አዘጋጅተው ለመሸጥ ተስማምተዋል። ለሽምብራውና ለቅመሙ መግዣ ከየጓዳቸው ገንዘብ አዋጥተዋል። የአንዳንዷ መዋጮ የዶሮ ሽያጭ ነው። የአንዳንዷ ደግሞ ለልጅ ደብተር መግዣ ያስቀመጠችው ነው። ስለዚህ ነገሩ ቀልድ አይደለም። እትዬ 2 ኪሎ ሽሮና 1 ኪሎ በርበሬ ለናሙና ያዙ። ናሙና ማለት ለማሳያ የሚቀርብ ጥቂት ዕቃ ነው። ሴቶቹም ሲሸኟቸው «አደራ! ከተማው የእጃችንን ሥራ ይፈልግ እንደሆነ አይተሽ ነይ» አሏቸው።

ማክሰኞ ማታ አዲስ አበባ ገባን። ኮልፌ ከእትዬ የእኅት ልጅ ቤት አደርን። በማግሥቱ ረቡዕ ነበር። ረቡዕ ደግሞ የጾም ቀን ነው። እትዬና ጋሼ እስከ 6 ሰዓት ምንም አይቀምሱም። እንግዲህ አስቡት። ምግብ ወዳዷ ሴት በምግብ መሐል አፋቸውን ሳይሽሩ ሊውሉ ነው።

ሐጂ ቀለዱ። «እትዬ፣ ዛሬ ምላስዎ ታስሮ አፍንጫዎ ብቻ ሊሠራ ነው» አሉ።

«አፍንጫዬ አይበቃኝም ብለው ነው? ቆዩ፣ ያያሉ» አሉ እትዬ።

መርካቶ

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መርካቶ ደረስን። መርካቶ የጣሊያን ቃል ነው። ገበያ ማለት ነው። ቀድሞ የከተማዋ ዋና ገበያ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በያዘ ጊዜ ገበያውን አሁን ወዳለበት ሥፍራ አዛወረው። ጣሊያን ተባሮ ወጣ። ገበያው ግን ቀረ። ስሙም አብሮ ቀረ።

መርካቶ በየተራው የተከፈለ ነው። ተራ ማለት አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጥበት ሠፈር ነው። ሸማ የሚሸጥበት ሸማ ተራ ይባላል። ቅመም የሚሸጥበት ቅመም ተራ ነው። እህል የሚራገፍበት ደግሞ እህል በረንዳ ይባላል። የተራውን ስም የያዘ ሰው ጠይቆ ይደርሳል እንጂ አይጠፋም።

ታላቁ አንዋር መስጊድና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በዚሁ ገበያ ውስጥ ተቀራርበው ቆመዋል። ሐጂ በመስጊዱ በኩል አለፉ። እትዬና ጋሼ ራጉኤልን ተሳለሙ። ከዚያ መንገድ ዳር ተገናኘን።

ሐጂ ቁርስ አልበሉም ነበርና አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ገባን። ፉል አዘዙ። ፉል በዓረብ አገር በጣም የታወቀ ምግብ ነው። ቃሉም የዓረብኛ ነው። የሚሠራው ግን ከእኛው ባቄላ ነው። ባቄላው በደንብ ተቀቅሎ ይደቆሳል። ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ቲማቲም ይገባበታል። በትኩስ ዳቦ እየተጠቀሰ ይበላል። ዳቦው ፉርኖ ይባላል። ፉርኖ በጣሊያንኛ ምድጃ ማለት ነው። በአንድ ሳሕን ላይ የሐበሻ ባቄላ፣ የዓረብ ስምና የጣሊያን ዳቦ ተገናኙ።

እትዬ አልቀመሱም። ነገር ግን አጎንብሰው አሸተቱ። «ባቄላው ሌሊቱን ሙሉ ተዘፍዝፎ አድሯል። የቸኮለ ሰው ሥራ አይደለም» አሉ። አብሳዩ ሰማና ከጓዳ ወጣ። «እማማ፣ እንዴት አወቁ?» ብሎ ጠየቀ። እሳቸውም «ቅርፊቱ ለስልሷል፤ ጥሬ ጥሬም አይሸትም» ብለው መለሱለት።

የምንጃር ስም በሰው ሱቅ

ከዚያ ወደ እህል በረንዳ አለፍን። መኪና እህል ያራግፋል። ተሸካሚዎች «ዞር በሉ!» እያሉ ይሮጣሉ። በየሱቁ ደጅ ጤፍ በጆንያ ተደርድሯል። ነጩ፣ ሰርገኛውና ቀዩ ለየብቻው ነው። በብዙ ጆንያ ላይ «የምንጃር ጤፍ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። በመጀመሪያ ኮራን። ጋሼ ግን ከአንዱ ጆንያ ጥቂት ዘግነው በመዳፋቸው ላይ በተኑት። እፍ አሉት። አገላብጠው አዩት።

«ይሄ ጤፍ ምንጃርን በሕልሙም አላየ» አሉ።

ሳቅን። ነገሩ ግን የሚያስቅ ብቻ አይደለም። ከተማው የምንጃርን ስም ያውቃል። ስሙንም ይገዛል። እኛ ግን ስማችን ይህን ያህል ዋጋ እንዳለው አናውቅም ነበር። እትዬ ይህን ሲሰሙ የያዙትን ዘንቢል ጠበቅ አደረጉ።

ከዚያ በርበሬ ወደሚሸጥበት ሄድን። ገና ሳንደርስ ማስነጠስ ጀመርን። ዛላው፣ ድልሁና ዱቄቱ በየዓይነቱ ነው። እትዬ አንዱን ዱቄት በሁለት ጣታቸው አሹት። ፊታቸው ተለወጠ። «በጣም ቀልቷል። እጅም ያሻክራል» አሉ ቀስ ብለው።

አንዳንድ የማያምን ነጋዴ በበርበሬ ላይ የሸክላ ዱቄት ይቀላቅላል። ይህ ለጤና ጎጂ ነው። ማወቂያው ቀላል ነው። በብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ቅዱ። አንድ የሻይ ማንኪያ በርበሬ ጨምሩበት። ጥቂት ጠብቁ። የሸክላ ዱቄትና አሸዋ ከባድ ስለሆኑ ከታች ይዘቅጣሉ። ዝቃጩን በጣት ሲነኩት ይሻክራል። እንዲህ ያለውን በርበሬ አትግዙ።

ሌላም አደጋ አለ። ይኸኛው ከእኛው ደጅ ይመጣል። በርበሬ ሳይደርቅ ከተከመረ ይሻግታል። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል። ለብዙ ጊዜ የተመገበውን ሰው ለጉበት ካንሰር ሊያጋልጥ ይችላል። ምግቡ ሲበስል እንኳ ተኖ አይጠፋም። መድኃኒቱ በርበሬውን ባዶ መሬት ላይ ሳይሆን ሰሌን ወይም ሸራ ላይ አስጥቶ በደንብ ማድረቅ ነው። የሻገተውን ዛላ ደግሞ «ለዛሬ ይሁን» ሳይሉ መጣል ነው።

ሽሮው ተመዘነ

ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ቅመም ተራ ደረስን። ሐጂ የሚያውቋት አንዲት ባለ ሱቅ አለች። በሱቋ ኮረሪማው፣ ነጭ አዝሙዱ፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ በሶብላውና ቁንዶ በርበሬው በየጣሳው ተሰድሯል። በመደርደሪያው ላይ ደግሞ በላስቲክ የታሸገ ሽሮ አለ። በእሽጉ ላይ ክብደቱ፣ የተዘጋጀበት ቀንና አገልግሎቱ የሚያበቃበት ቀን ተጽፏል።

እትዬ ናሙናውን አወጡ። ባለ ሱቋ ከሽሮው ጥቂት ቆንጠር አደረገች። አሸት አሸት አደረገችው። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ዝም አለች። እኛም ዝም አልን።

«እማማ፣ ጓያ አለበት?» ብላ ጠየቀች።

ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። ጓያ ርካሽ ስለሆነ ሽሮ ውስጥ የሚቀላቅል ሰው አለ። ጓያን ለብዙ ወራት ዋና ምግቡ አድርጎ የበላ ሰው እግሩ ሊሽመደመድ ይችላል። እትዬ ግን ትንሽ ከፋቸው።

«ልጄ፣ ይህ ሽምብራ ብቻ ነው። ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ ታምሶ የተፈጨ ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላና ኮረሪማ አለበት። በርበሬው ዛላው አንድ በአንድ ተቀንጥሶ የገባ ነው። ጨው አልጨመርንም። ጨው የየቤቱ ነው» አሉ።

ባለ ሱቋ ፈገግ አለች። «ይቅርታ እማማ። ሳልጠይቅ ብቀበል እኔ ነኝ ሌባዋ። ሽታው ልዩ ነው። ነገር ግን 3 ነገር እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ ሁልጊዜ በደንብ የደረቀ ይሁን። ሁለተኛ፣ የዛሬውና የሚመጣው ወር ጣዕሙ አንድ ይሁን። ሦስተኛ፣ ተመዝኖ ይታሸግና ቀኑ ይጻፍበት።»

ከዚያ ለ1 ኪሎ የምትከፍለውን ዋጋ ነገረችን። ዋጋው ለጆሮ ጥሩ ነበር። ጋሼ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። እትዬ ግን አልቸኮሉም። «ልጄ፣ ይህ የእኔ ብቻ አይደለም። የ8 ሴቶች አደራ ነው። ሂሳቡን ሳልሠራ ዋጋ አልቆርጥም። ማታ እደውልልሻለሁ» አሉ። ባለ ሱቋም ስልኳን ጽፋ ሰጠቻቸው። እትዬ ወረቀቱን በመቀነታቸው ቋጠሩት።

አንድ ትሪ ለ4 ሰው

6 ሰዓት ሆነ። ጾሙ የሚፈታበት ሰዓት ደረሰ። እዚያው አጠገብ አንድ ምግብ ቤት ገብተን በያይነቱ አዘዝን። ትልቅ ትሪ መጣ። ምስር ወጥ፣ አልጫ ክክ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ድንች፣ ፎሶሊያ፣ የሱፍ ፍትፍትና ቃሪያ ስንግ በእንጀራው ላይ ክብ ሠርተዋል። በመካከሉ ሽሮ እየተንተከተከ ተቀመጠ።

እኛ አገር ክርስቲያንና እስላም ለየብቻው ያርዳል። ሥጋ ሲመጣ ትሪው ይለያያል። በጾም ምግብ ላይ ግን የሚለየን ነገር የለም። ሐጂ ከመካከላችን ተቀመጡ። 4ታችንም ከአንድ ትሪ በላን። እትዬም ለሐጂ አጎረሷቸው። «ረቡዕ ለእኔም ተመቸኝ» አሉ ሐጂ እየሳቁ።

እያንዳንዱ ምግብ የመጣበት አገር አለው። ድንች ወደ አገራችን የገባው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1850ዎቹ መጨረሻ ነው። ያመጣው ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት አዋቂ ነው። በርበሬም ጥንተ አገሩ አሜሪካ ነው። ይህን ስነግራቸው እትዬ እጃቸው ትሪው ላይ ቀረ።

«እንዴ! በርበሬ የእኛ አይደለም?»

«ዘሩ ከባሕር ማዶ መጣ። ሙያው ግን የእኛ ነው» አልኳቸው። ጤፍ ግን የራሳችን ነው። ኑግም የራሳችን ነው። ቡናም እንዲሁ። ጤፍንና ኑግን ከሁሉ በፊት አልምቶ ለምግብ ያበቃቸው የዚህ አገር ገበሬ ነው።

እትዬ ሽሮውን ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። «ጥሩ ነው። ነገር ግን ቅመሙ ተፈጭቶ ብዙ ቆይቷል። የእኛ ይበልጣል» አሉ። ይህን ያሉት በትዕቢት አይደለም። ጋሼ ቀመሱና ተስማሙ። እንጀራውንም ገልብጠው አዩት። ዓይኑ ጥሩ ነው። ጀርባው ግን ይሰባበራል። አስተናጋጇን ሲጠይቋት ሩዝ እንደተቀላቀለበት አልደበቀችም። «ጤፍ ተወደደ፤ ምን እናድርግ?» አለች። እዚህ ላይ ሁላችንም አሰብን። ጤፍ ሲወደድ ገበሬው ይደሰታል። የከተማው ደሞዝተኛ ግን ይጨነቃል። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ቡና ቆሞ ይጠጣል?

ከምሳ በኋላ በታክሲ ወደ ፒያሳ ወጣን። ፒያሳም የጣሊያን ቃል ነው። አደባባይ ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. ብዙ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው መንገዱ ሰፍቷል። የዓድዋ ድል መታሰቢያም በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው እዚሁ ነው። እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት ሆቴልም እዚሁ ነው። ዕድሜው ከ100 ዓመት በላይ ነው። በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ጎድቶት ነበር። እቴጌይቱ የጦር ሰው ብቻ አልነበሩም። ግብርና ድግስ የሚያውቁ ባለሙያ ሴት ነበሩ። እትዬ ይህን ሲሰሙ «ንግሥትም ጓዳ ታውቃለች» አሉ።

አንድ ቡና ቤት ገባን። የቡናው ሽታ ከመንገድ ይጠራል። ሰው ቆሞ ይጠጣል። ፉት ይልና ከፍሎ ይወጣል። እትዬ ተገረሙ። «ቡና ቆሞ ይጠጣል? አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው የት ገባ? ወሬውስ መቼ ይወራል?» አሉ። ሐጂ ማኪያቶ አዘዙ። ማኪያቶ ወተት ያረፈበት ቡና ነው። እትዬና ጋሼ ወተት የሌለበት ጥቁር ቡና አዘዙ። እኔ ስፕሪስ ጠጣሁ። ስፕሪስ ሻይና ቡና በአንድ ብርጭቆ ነው። እንደ ዕድል ሆኖ ጥግ ላይ ወንበር አገኘን።

ሂሳቡን የሠራነው እዚያ ነው። እኔ ወረቀት አወጣሁ። እትዬ ወጪውን ቆጠሩ። ለአንባቢ እንዲቀል ባለ ሱቋ የሰጠችውን ዋጋ 100 ብር ብለን እናስብ። ከዚያ ውስጥ የሽምብራው ወጪ 40 ብር ነው። የቅመሙና የበርበሬው 20 ብር ነው። የወፍጮው 8 ብር ነው። የላስቲኩና የማሸጊያው 7 ብር ነው። እትዬ በአውቶቡስ ተሳፍረው ሲያመጡት የመሳፈሪያው ድርሻ 20 ብር ይሆናል። ሁሉም ሲደመር 95 ብር ሆነ።

ከ100 ብር 95 ብር ሲቀነስ የሚቀረው 5 ብር ነው።

ዝም አልን። ቡናውም ቀዘቀዘ። ለ8 ሴቶች ድካም 5 ብር! ጋሼ «እንግዲያው ዋጋው ጥሩ የመሰለን ሳንቆጥር ነው» አሉ። እትዬም ቀጠሉ። «ሽምብራውን ያጠብነው እኛ። የቆላነው እኛ። እሳቱ ፊታችንን የለበለበን እኛ። ጉልበት ወጪ አይደለም እንዴ?» አሉ።

ሐጂ ወረቀቱን አተኩረው አዩት። ጣታቸውን የመሳፈሪያው ቁጥር ላይ አሳረፉ። «ችግሩ ይሄ ነው» አሉ። «እኔ በየወሩ ሽምብራ ጭኜ እመጣለሁ። ሽሮውን በእኔ መኪና ላኩት። በነጻ አልልም። ነጻ ነገር አይዘልቅም። ከ100 ብሩ 4 ብር ይበቃኛል።»

እንደገና ደመርን። 40፣ 20፣ 8፣ 7ና 4 ሲደመር 79 ሆነ። የሚቀረው 21 ብር ነው። ከ5 ብር 21 ብር ይሻላል። እትዬ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ሐጂን መረቁ። አባቶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለዚህ ነው።

ቆጮና ጎመን

ወደ ማታ 12 ሰዓት ሲሆን በአንድ ክትፎ ቤት ደጅ አለፍን። የተነጠረው ቅቤ ሽታ መንገዱን ሞልቶታል። ጾም ነውና ክትፎው አለፈን። ሐኪሞች እንደሚሉት ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ሥጋን አብስሎ መብላት ይሻላል። እኛ ግን ቆጮ በጎመን አዘዝን። ጎመኑ በዘይት የተሠራ ነው።

ቆጮ ከእንሰት ይሠራል። እንሰት ሲታይ ሙዝ ይመስላል። የሚበላው ግን ፍሬው አይደለም። ግንዱና ሥሩ ተፍቆ፣ በጉድጓድ ተቀብሮ፣ ተብላልቶ ከቆየ በኋላ ይጋገራል። ጉራጌና ሲዳማ ይህን ሙያ ጠንቅቀው ያውቃሉ። እንሰት ድርቅን ይችላል። የተቀበረውም ለብዙ ጊዜ ሳይበላሽ ይቆያል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ማላመጣቸውን አቆሙ። «ጎተራ መሬት ውስጥ ማለት ነው! ይህን ያሰበ ሰው ትልቅ ሰው ነው» አሉ። እትዬም የጎመኑን አከታተፍ አዩና «የዚህች ሴት ቢላዋ የተሳለ ነው» ብለው አደነቁ። ሙያ ሙያን ያከብራል።

ውሳኔው

ማታ ኮልፌ ተመለስን። የእትዬ የእኅት ልጅ ከመጣው ሽሮ ላይ ቀንሳ በዘይት ሠራች። ቤቱ በሽታ ተሞላ። ጎረቤቶቿ «ምን ሠራሽ?» እያሉ መጡ። አንዷ «ከየት ገዛሽው?» አለች። ሌላዋ «ለእኔም አስመጪልኝ» አለች። እትዬ ዝም ብለው አዳመጡ። ከዚያም ከመቀነታቸው ወረቀቱን ፈቱና ደወሉ።

«ልጄ፣ ያልሽውን 3 ነገር እናደርጋለን። እናደርቃለን፤ መስፈሪያችንን አንለውጥም፤ መዝነን ቀኑን እንጽፋለን። አንድ ነገር ደግሞ እኛ እንጠይቅሻለን። በማሸጊያው ላይ የሠሩት የምንጃር ሴቶች መሆናቸው ይጻፍ። ሰው በስማችን ሲነግድ አይተናል። እኛም በስማችን እንነግድ» አሉ።

ባለ ሱቋ ተስማማች። ለመጀመሪያው ወር 15 ኪሎ አዘዘች። እትዬ ስልኩን ዘጉ። ከዚያ «አሁን ጠገብኩ» አሉ።

በማግሥቱ አረርቲ ስንደርስ 7ቱ ሴቶች ቆመው ይጠብቁ ነበር። እትዬ መጀመሪያ ያወጡት ስለ ፉሉ ወይም ስለ ማኪያቶው የሚናገር ወሬ አይደለም። ያቺን የሂሳብ ወረቀት ነው። 95ቱንም 79ኙንም አንድ በአንድ አስረዱ። ሴቶቹም ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰሌን መሥራት ያዙ። በርበሬው ከእንግዲህ ባዶ መሬት ላይ አይሰጣም።

አዲስ አበባ የገጠሩን እህል ትበላለች። የገጠሩን ሙያም ትበላለች። እህሉን ያመረተና ሙያውን የያዘ ሰው የእጁን ዋጋ ቆጥሮ ይወቅ። ሳይቆጥሩ ከተስማሙ የሚቀረው 5 ብር ነው።

እስቲ እንወያይበት

1. በመንደራችሁ ከተማው የሚፈልገው ምን ዓይነት ምግብ ይዘጋጃል?
2. አንድ ኪሎ በርበሬ ወይም ሽሮ ለማዘጋጀት የምታወጡት ወጪ ስንት ነው? አንድ በአንድ ጽፋችሁ ደምሩ።
3. በርበሬ የምታደርቁት በምን ላይ ነው? የሻገተውንስ ምን ታደርጉታላችሁ?